ጄኪውን ላሻሽል ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የድርጅታችን ሰርቨር ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ጄኪው 1.6 አለበት። የተማሪ ምዝገባና የክፍያ ዳታ በየማታው በጄሰን ይመጣልናል፣ በባሽ ስክሪፕት እየቆራረጥን ሪፖርት እናወጣለን። ስሞቹ በአማርኛ ናቸው፣ የክፍያው መለያ ደግሞ ረጅም ቁጥር ነው። እስካሁን ችግር አላየንም። 1.7 እና 1.8 ላይ ምን አዲስ ነገር አለ? ማሻሻሉ ከሚያመጣው ራስ ምታት አንጻር ያዋጣል ወይ?»

ለማያውቀው፣ ጄኪው ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ የተቀመጠ ዳታን ከተርሚናል ላይ የሚያነብ፣ የሚመርጥና የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ወንድሜ፣ አሻሽል። ካሻሻልክ ደግሞ በቀጥታ ወደ 1.8.1 ሂድ።

እኔን ያሳሰበኝ «እስካሁን ችግር አላየንም» ያልካት ነገር ናት። አንተ የጠቀስካቸው ሁለቱ ነገሮች፣ የአማርኛ ስምና ረጅም ቁጥር፣ 1.6 ምንም ድምፅ ሳያሰማ የሚያበላሻቸው ነገሮች ናቸው። ኤረር አያወጣም። ስክሪፕቱ በሰላም ያልቃል፣ ሪፖርቱ ይወጣል፣ ውስጡ ግን ስህተት አለ። ስለዚህ አዲሶቹን ትእዛዞች ከመዘርዘሬ በፊት እነዚህን ሁለቱን በደንብ ላስረዳህ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናል ላይ ግን እንደተለመደው በላቲን ነው የሚተየቡት። ነጥቡ፣ ቅንፉና ጥቅሱ ባሉበት ናቸው።

ትንሽ ታሪክ ደግሞ ያስፈልጋል፣ ለምን ይህን ያህል ለውጥ በአንዴ እንደመጣ ይገባሃል። ጄኪውን በ2012 የጀመረው ስቴፈን ዶላን ነው። 1.6 የወጣው በኅዳር 2018 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። 1.7 የመጣው በመስከረም 2023 ነው፣ ወደ አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ፕሮጀክቱ ጊትሃብ ላይ ከአንድ ሰው አካውንት ወጥቶ በራሱ ስም ወደተከፈተ ድርጅት ተዛወረ፣ አዳዲስ ሰዎችም ሥራውን ተረከቡ። ለዓመታት ተጠራቅሞ የነበረው ጥገና በአንድ ጊዜ ወጣ። 1.8 በሰኔ 2025 መጀመሪያ፣ 1.8.1 ደግሞ ልክ ከወር በኋላ ተከተሉ። ስለዚህ አንተ ያለህበት 1.6 የቆየ ብቻ አይደለም፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ስሪት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

ጄኪው 1.6 ማንኛውንም ቁጥር ሲያነብ ባለ 64 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9007199254740992 ድረስ ነው። 16 አሃዝ ነው። ከዚያ ካለፈ ጫፉ ይጠፋል። ራስህ ሞክረው፣ 9007199254740993 የሚል ቁጥር ብቻ ያለበት ፋይል ሥራና ምንም ሳትነካው በነጥቧ ብቻ («የመጣውን እንዳለ አሳየኝ» በምትለው ትእዛዝ) አሳልፈው። 1.6 መጨረሻውን 2 አድርጎ ይመልስልሃል። 1234567890123456789ን ስጠው፣ 1234567890123456800 ይልሃል። አንተ እኮ ምንም አላልከውም! አንብበህ አሳየኝ ነው ያልከው።

በክፍያ መለያ ላይ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች መለያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በመለያው ድግግሞሽ የምታጠፋ ከሆነ ደግሞ አንዱ ክፍያ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ማንም አያውቅም፣ ሒሳቡ አልገጥም እስኪል ድረስ።

ከ1.7 ጀምሮ ጄኪው ቁጥሩን እንደተጻፈው ይዞት ያልፋል። ካልነካኸው አይነካውም። መርጠህ ስታወጣው፣ ከአንድ ኦብጀክት (የቁልፍና የዋጋ ስብስብ) ወደ ሌላ ስታዛውረው፣ ወደ ጽሑፍ ስትቀይረው አሃዙ ሙሉ ነው። ግን ይህን አስምርበት፦ የሒሳብ ሥራ ከሠራህበት፣ ዜሮ እንኳን ብትደምርበት፣ ወደ ድሮው ተንሳፋፊ ቁጥር ይመለሳል፣ ጫፉም ይጠፋል። መለያ ላይ ሒሳብ የሚሠራ ሰው የለም ትል ይሆናል። አለ። መለያው «የእውነት ቁጥር ይሁንልኝ» ብለው ዜሮ የሚደምሩበት ስክሪፕቶች አይቻለሁ።

ይሄው ባህሪ ሌላ ጥሩ ነገር አምጥቷል። ዋጋ 25.50 ተብሎ ከመጣ 1.6 ላይ 25.5 ሆኖ ይወጣል። ከ1.7 ጀምሮ 25.50 እንደሆነ ይቆያል። ለብር ዓምድ ደስ ይላል፣ ግን ካሻሻልክ በኋላ የድሮውንና የአዲሱን ሪፖርት ጎን ለጎን ስታስተያይ ብዙ መስመር የተለየ መስሎ ይታይሃል። አትደንግጥ፣ ዋጋው ያው ነው፣ የተለየው አጻጻፉ ነው።

ከቻልክ ግን ዳታውን የሚልኩልህን ሰዎች መለያውን በጥቅስ ውስጥ አድርገው እንደ ጽሑፍ እንዲልኩልህ ጠይቃቸው። መለያ ቁጥር ቢመስልም ስም ነው፣ አይደመርም አይቀነስም። ጽሑፍ ከሆነ የትኛውም ስሪት አያበላሸውም። በትልልቅ ቁጥሮች ላይ የግድ ሒሳብ መሥራት ካለብህ ደግሞ ጎጄኪው የሚባል፣ «ጎ» በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አቻው አለ፣ እሱ ሙሉ ቁጥሮችን በፈለጉት ርዝመት ይይዛል፣ ሲደመሩም ጭምር።

ሁለተኛው የአማርኛው ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቦታ የሥልጠና ተሳታፊዎች ዝርዝር ነበረኝ። ለእያንዳንዱ ሰው «ውድ» ብሎ በመጀመሪያ ስሙ የሚጠራ መልእክት ይላካል። ስሙ የሚመጣው ሙሉ ሆኖ ነው፣ የራስና የአባት ስም በአንድ ፊልድ። ስለዚህ ያደረግኩት ቀላል ነው፦ ክፍት ቦታው ስንተኛው ላይ እንዳለ በኢንዴክስ ፈልግ፣ እስከዚያ ድረስ ቁረጥ። በትእዛዝ ሲጻፍ `.[:ኢንዴክስ(" ")]` ማለት ነው። በላቲን በተጻፉ አራት አምስት ስሞች ሞከርኩት፣ በትክክል ሠራ። ለቀቅኩት።

በማግስቱ ስልክ መጣ። ለአበበ ከበደ «ውድ አበበ ከበደ» ተብሎ ደርሶታል። እሺ፣ ይሄስ ይሁን። ለአበበ ገብረማርያም ግን «ውድ አበበ ገብረማር» ነው የተባለው። የሰው የአባት ስም ተቆርጦ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ። እኔንም በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ደውዬ ይቅርታ የጠየቅኳቸው ሰዎች አሉ።

ምክንያቱ ምን መሰለህ? ጄሰን የሚጻፈው በዩቲኤፍ-8 ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት። ጄኪው የጽሑፍን ርዝመት ሲለካና ጽሑፍ ሲቆርጥ በፊደል ነው የሚቆጥረው። ኢንዴክስ ግን በባይት ይቆጥር ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም። «አበበ» ሦስት ፊደል ነው፣ ስለዚህ ክፍት ቦታው ሦስተኛው ላይ ነው መባል ነበረበት፣ ከዜሮ ስለሚጀምር። ኢንዴክስ ግን 9 ይላል፣ ሦስት ሲባዛ በሦስት። ከዚያ ቆራጩ «እስከ 9 ፊደል» ብሎ ይቆርጣል። «አበበ ከበደ» ከነክፍት ቦታው ሰባት ስለሆነ ሙሉው ይወጣል። «አበበ ገብረማርያም» አሥራ አንድ ስለሆነ መሀል ላይ ይቆረጣል። በላቲን ስም ስትሞክረው ባይቱና ፊደሉ እኩል ስለሆነ ምንም አታይም። ይህን ስህተት ፈረንጅ ቶሎ አያገኘውም፣ የሚያገኘው እንደኛ ያለ ነው።

ይሄ በ1.7 እንኳን አልተስተካከለም ነበር። የተስተካከለው 1.8 ላይ ነው። አሁን ኢንዴክስ፣ አርኢንዴክስ (የመጨረሻውን ቦታ የሚፈልገው) እና ኢንዲሲስ (ሁሉንም ቦታዎች የሚፈልገው) ሦስቱም በፊደል ይቆጥራሉ። «አዲስ አበባ» ውስጥ «አበባ»ን ብትፈልግ ድሮ 10 ይልህ ነበር፣ አሁን 4 ይልሃል። ለዚህ ነው 1.7 ላይ አትቁም፣ 1.8.1 ድረስ ሂድ ያልኩህ። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ያለማንገራገር 1.8ን መምረጥ አለበት።

ዛሬ ማሻሻል ካልቻልክ ማምለጫው ይሄ ነው፦ ኢንዴክስን ለአማርኛ አትጠቀም፣ በስፕሊት ክፈለው። `ስፕሊት(" ") | .[0]` በሁሉም ስሪት ትክክል ይሠራል፣ ምክንያቱም ቁጥር መሀል አይገባም። ማች የሚባለው የመፈለጊያ ትእዛዝ የሚሰጠው ኦፍሴትም (የተገኘበት ቦታ) ችግር የለበትም፣ እሱ ድሮም በፊደል ነው የሚቆጥረው።

እና አንድ ማስጠንቀቂያ። ስክሪፕቶችህን የጻፈው ሰው ይህን ስህተት አግኝቶት፣ ውጤቱን ለሦስት አካፍሎ አልፎት ከሆነ፣ 1.8 ላይ ያ ማካፈል ራሱ ስህተት ይሆናል። ከማሻሻልህ በፊት ስክሪፕቶቹ ውስጥ ኢንዴክስ የሚለውን ቃል ፈልግ፣ አጠገቡ ማካፈል ካለ አጥፋው።

አማርኛን ካነሳን አይቀር ሌላም አለ። የጄሰኑ ቁልፎች ራሳቸው በአማርኛ ከሆኑ፣ ለምሳሌ "ስም" ወይም "አድራሻ" ከተባሉ፣ ነጥብ አድርገህ ቀጥታ ስሙን መጻፍ አትችልም። ሲንታክስ ኤረር ይላል። ነጥብ ያለ ጥቅስ የሚቀበለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የታች መስመር ብቻ ነው፣ በአዲሱም ያው ነው። በጥቅስ ግን ይሄዳል፣ `."ስም"` ብለህ። ከ1.7 ጀምሮ የተጨመረው በቅንፍ የተጻፉትን በነጥብ ማያያዝ ነው፣ `.["አድራሻ"].["ከተማ"]` 1.6 ላይ ኤረር ነበር፣ አሁን ይሠራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ረጅም ፊልተር ስትጽፍ ግን የት ነጥብ ነበር የት አልነበረም እያሉ ከመፈለግ ታድናለች።

ፋይሉ ውስጥ አማርኛው ባክስላሽ ዩና አራት አራት አሃዝ ሆኖ ከመጣብህም አትጨነቅ። ፓይተን በራሱ ምርጫ ከተተወ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ጄኪው በነጥቧ ብቻ ስታሳልፈው ወደሚነበብ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ይሄ በሁሉም ስሪት አለ። ስሞችን በሶርት ባይ ብትደረድር ደግሞ ደስ የሚል ነገር ታያለህ፣ በዩኒኮድ ቁጥር ስለሚደረድር ከሀ ጀምሮ ወደ ለ፣ ከዚያ ወደ ሐ ይሄዳል፣ በፊደል ገበታችን አካሄድ ማለት ነው። ግን «አለሙ» እና «ዓለሙ» ለጄኪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በግሩፕ ባይ ስትሰበስብ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ቀድመህ በጂሰብ (አንዱን ጽሑፍ በሌላ በሚተካው ትእዛዝ) ወደ አንድ አምጣቸው፣ `ጂሰብ("ዓ"; "አ")` ዓይነት፣ የሀ፣ የሐና የኀን፣ የሰና የሠን፣ የጸና የፀን ዝርያዎችም እንደዚሁ በየሆሄያቸው። ለማወዳደሪያ ብቻ ግን። ሰውየው ስሙን በዓይኑ ዓ ከጻፈ ሪፖርቱ ላይ በዓይኑ ዓ መውጣት አለበት። ሁለት ፊልድ ያዝ፣ አንዱ እንደተጻፈው፣ አንዱ ለማወዳደር የተስተካከለ።

ጂሰብ ራሱ 1.6 ላይ አስቸጋሪ ነበር። የመስመር መጀመሪያን በሚያመለክተው ምልክት ብትፈልግ ማብቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ይቀር ነበር። 1.7 ላይ እንደ አዲስ ተጽፎ ተስተካከለ።

አሁን «አዲስ ነገር ምን አለ» ላልከው። ሁሉንም አልዘረዝርልህም፣ ለአንተ ሥራ የሚጠቅሙትን ብቻ።

እኔ በየቀኑ የምጠቀመው ፒክ ነው፣ ከ1.7 የመጣ። ትልቅ ኦብጀክት አለህ፣ ከውስጡ ሦስት ነገር ብቻ ትፈልጋለህ፣ ግን ቅርጹ እንዳለ እንዲቆይ ነው የምትፈልገው። ድሮ አዲስ ኦብጀክት በእጅህ ትገነባ ነበር፣ አድራሻ ውስጥ ከተማ ካለ ያንን እንደገና ትከፍታለህ ትዘጋለህ። አሁን `ፒክ(."ስም", ."አድራሻ"."ከተማ")` ትላለህ፣ ስሙም ይመጣል፣ አድራሻ ውስጥ ከተማዋ ብቻዋን ተቀምጣ ትመጣለች። ሁለት ነገር አስታውስ። የሌለ ነገር ብትጠይቀው ዝም አይልም፣ ነል (ባዶ ዋጋ) አድርጎ ያመጣዋል። ከዝርዝር ውስጥ ሦስተኛውን ብቻ ብትመርጥ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቦታዎች በነል ይሞላቸዋል፣ ቦታ ይጠብቃል እንጂ አያጠጋጋም። ይህን ያላወቀ ሰው ፒክ ተበላሽቷል ይላል።

ቀጥሎ ኢፍ ያለ ኤልስ፣ «እንዲህ ከሆነ» ያለ «ካልሆነ» ማለት ነው። 1.6 ላይ ኤልስ ግዴታ ነበር፣ ስለዚህ በየቦታው «ኤልስ ነጥብ ኤንድ» እየተባለ ይጻፋል። ከ1.7 ጀምሮ ኤልስ ካልጻፍክ ዳታው ሳይነካ ያልፋል። ስክሪፕትህን ስታነብ ልዩነቱን ታየዋለህ፣ ዋናው ሐሳብ ብቻ ነው የሚቀረው።

ዲበግ መልእክት መቀበል ጀምሯል። ድሮ ዲበግ ብትል ያለውን ዳታ በሙሉ ወደ ስታንዳርድ ኤረር (የስህተት መልእክቶች ወደሚወጡበት) ይተፋው ነበር፣ ሁለት ሺህ ተማሪ ካለ ሁለት ሺህ ጊዜ። አሁን የምትፈልገውን ብቻ ትነግረዋለህ፣ ለምሳሌ `ዲበግ(."ስም")`፣ ዳታው ሳይለወጥ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ አንተ ግን ስሙን ታያለህ። የማታ ስክሪፕት ለምን እንደቆመ ጠዋት ስትፈልግ ዋጋው ይገባሃል።

1.8 ላይ አድ ውስጡ ነገር መቀበል ጀምሯል። የክፍያ ድምር ለማውጣት መጀመሪያ በማፕ ብሩን ሰብስበህ ከዚያ አድ ትል ነበር። አሁን `አድ(.[]."ብር")` ይበቃል። እዚያው ስሪት ላይ ስኪፕ መጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ይህን ያህል ዝለል የሚል፣ የሊሚት (የመጀመሪያዎቹን ይህን ያህል ብቻ አምጣ የሚለው) ወንድም ማለት ነው። ትሪምስትር ደግሞ ከፊትም ከኋላም አንድን ጽሑፍ ያነሳል።

ዩአርአይዲ የሚባለውንም ልጥቀስልህ፣ ከ1.8 ነው። የመመዝገቢያ ቅጹ በሊንክ ከሆነ፣ አማርኛው በፐርሰንት ተመስጥሮ ነው የሚመጣው። አንድ የእኛ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፣ «አዲስ» ሃያ ሰባት። ድሮ ጄኪው መመስጠር ይችል ነበር፣ መፍታት ግን አይችልም፣ ለዚህ ብቻ ፓይተን እንጠራ ነበር። አሁን እዚያው ይፈታዋል።

አንድ የመጨረሻ፣ ከ1.7 የሆነ፦ ሮው አውትፑት ዜሮ የሚል አማራጭ አለ። ውጤቱን በአዲስ መስመር ፋንታ በዜሮ ባይት ይለያየዋል። ፊልዱ ውስጥ መስመር የሚሰብር ሰው ካለ፣ አድራሻ ላይ ሁሌም አለ፣ ባሽ ላይ በሪድ ወይም በኤክስአርግስ ስታነበው አይቀላቀልብህም።

«ይሰብርብኝ ይሆን» የምትለው ጥያቄ ውስጥህ እንዳለ አውቃለሁ። አዎ፣ የሚሰብራቸው አሉ፣ አብዛኞቹ 1.8 ላይ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ከጽሑፍ ፊት የሚያነሳውን ኤልትሪምስትርን ነው። ስልክ ቁጥር ላይ +251ን ለማንሳት የማይጠቀምበት የለም። ችግሩ፣ ፊልዱ አንዳንዴ ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ቁጥር ሆኖ ይመጣል። የድሮው ስሪት ቁጥር ሲያገኝ ምንም ሳይል እንዳለ ያሳልፈዋል። 1.8 ግን ኤረር ብሎ ይቆማል። እኔ ይህን ለውጥ እደግፈዋለሁ፣ ግን ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ስክሪፕትህ ቢቆም አትደሰትም። ከፊቱ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ቱስትሪንግ አስገባ፣ አለቀ። ከኋላ የሚያነሳው አርትሪምስትርም እንደዚሁ ነው።

ሊሚት ላይ ከዜሮ በታች ቁጥር ብትሰጠው ድሮ ሁሉንም ያወጣ ነበር፣ አሁን ኤረር ነው። «ሁሉንም» ለማለት ሲቀነስ አንድ የሚያስገባ ስክሪፕት ካለህ ፈልገው።

የመጨረሻውን የሚያመጣው ላስት ደግሞ ምንም ነገር ካላገኘ ድሮ ነል ይመልስ ነበር፣ አሁን ምንም አይመልስም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን ኦብጀክት እየገነባህ መሀሉ ላይ ከሆነ ያ ኦብጀክት ጭራሽ አይወጣም። «የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ዓምድ ካለህና ገና ያልከፈለ ተማሪ ካለ፣ ተማሪው ከሪፖርቱ ይወጣል ማለት ነው። ከኋላው `// ነል` ጨምርበት።

ማሻሻያው ራሱ ከባድ አይደለም፣ ግን ከኤፒቲ (ከኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) አትጠብቀው። ኡቡንቱ 22.04 ከ1.6 ጋር ነው የተሠራው፣ 24.04 ከ1.7.1 ጋር። ዴቢያን 12 1.6 ነው፣ 13 ደግሞ 1.7.1። እነዚህ የደህንነት ጥገናን ወደ ድሮው ስሪት ያመጣሉ፣ አዲስ ባህሪ ግን አያመጡም። ስለዚህ ሰርቨሩን ወደ 24.04 አፕግሬድ ብታደርግ እንኳን የኢንዴክሱ ችግር አብሮህ ይሄዳል። የማክ ላፕቶፕ ላይ የሚጽፍ የሥራ ባልደረባ ካለህም ልብ በል፣ ማክ ከሴኮያ ጀምሮ ጄኪውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱ ጋ የሠራው አንተ ሰርቨር ላይ ላይሠራ ይችላል። ሁለታችሁም ቨርዥን ብላችሁ ጠይቁት፣ አንድ አድርጉት።

ጄኪው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ሌላ የሚጎትተው ነገር የለም፣ መጠኑም ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ደካማ ኢንተርኔት ላይም ይወርዳል። ከፕሮጀክቱ የጊትሃብ ገጽ ለሊኑክስ የተሠራውን አውርድ፣ አብሮ ከተቀመጠው የሻ 256 ዝርዝር (ፋይሉ እንዳልተቀየረ ማረጋገጫ) ጋር አመሳክር፣ የማስኬድ ፈቃድ ስጠው፣ ስሙን ቀይረህ ቢን ፎልደርህ ውስጥ አስቀምጠው። የሲስተሙን ጄኪው አትንካው፣ ሌላ ፕሮግራም ይጠቀምበት ይሆናል።

ከዚያ የአንድ ሳምንት የድሮ ፋይል ውሰድ። በሁለቱም አስኪደው፣ ውጤቱን በዲፍ አስተያይ። የ25.5 እና የ25.50 ልዩነት ይወጣል፣ እሱን እለፈው። ከዚያ ውጪ የተለየ መስመር ካገኘህ አንድ በአንድ እየው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የክፍያ መለያዎቹን ነው የምመለከተው፦ የ1.6ቱ ውስጥ ረጅም ሆነው በሁለት ዜሮ የሚያልቁ መለያዎች በዝተው ካየህ፣ እነዚያ ዜሮዎች የእውነት አይደሉም። ያለፉትን ወራት ሪፖርቶችም ከዋናው ጄሰን እንደገና አውጣቸው፣ ዋናዎቹን ፋይሎች ካላጠፋችኋቸው።